የሉዊዝ ግሊክ «እኔ» የማን ነው? ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ስለ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ስለ ሉዊዝ ግሊክ ሕይወትና ሥራ በአማርኛ የቀረበ አንድ ረዘም ያለ ትችት ሰሞኑን አንብቤአለሁ። ጸሐፊው በአገራችን ቋንቋ እምብዛም ስለማትወሳ ገጣሚ ለመጻፍ መነሣታቸውና የማይስማሙበትን በግልጽ መናገራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። የደረሱበት መደምደሚያ ግን የገጣሚዋን ሥራ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው የሊሪክ ግጥምን፣ ማለትም አንድ ድምፅ ለአንድ ሰሚ በቀጥታ የሚናገርበትን ግጥም፣ ጠባይ የሚያዛባ ሆኖ ስላገኘሁት ነጥቦቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ መመለስ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። የትችቱ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ ግሊክ ሕመሟን፣ የቤተሰቧን ሐዘንና የትዳሯን መፍረስ በስንኝ እየቆራረጠች ያቀረበች የግል ማስታወሻ ጸሐፊ ናት፤ ግጥሟ ቤት የማይመታ፣ ዘይቤ የሌለው ደረቅ ዝርው ነው፤ የግሪክ አፈ ታሪክን የተዋሰችው ለጌጥ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ መጽሐፍ ደጋግማ ጽፋለች፤ ከራሷ ውጭ ያለውን ዓለም አላየችም፤ በ2020 የተሰጣት የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማትም የስዊድን አካዳሚ ከደረሰበት ቅሌት ለመሸሸግ የመረጠው ጸጥ ያለ ስም ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የኑዛዜውን ክስ ነው፤ የቀሩት አብዛኞቹ ከእርሱ የሚመነጩ ናቸውና። የሕይወት ታሪኳ ጸሐፊው እንዳሉት በመከራ የተጎበኘ መሆኑ አይካድም። ግሊክ በ1943 በኒው ዮርክ ከተማ ተወልዳ በሎንግ አይላንድ አደገች። ከእርሷ በፊት የተወለደች እኅቷ እርሷ ሳትወለድ ሞታ ነበር፤ ግሊክ በኋላ እንደጻፈችው ሞቱን ባታየውም ጉድለቱ ግን በቤቱ ውስጥ አብሯት አድጓል። በጉርምስናዋ አኖሬክሲያ የተባለው፣ ሰውን ከምግብ አጣልቶ እስከ ሞት ደጃፍ የሚያደርስ ሕመም ያዛት፤ ከዚያም ሰባት ዓመት የፈጀ የሥነ ልቦና ትንተና ሕክምና ተከታተለች። በዚሁ ምክንያት የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን እንደ እኩዮቿ በመደበኛ መንገድ ሳትከታተል በሳራ ሎውረንስ ኮሌጅና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የግጥም ክፍሎች ብቻ ተማረች፤ በኮሎምቢያ ካስተማሯት መካከል ገጣሚው ስታንሊ ኩኒትዝ ይገኝበታል። በቢሮ ጸሐፊነት ሥራ ተቀጥራ ኖራለች። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለቱም ትዳር በፍቺ ተቋጭቷል። በ1980 በቬርሞንት የነበረው ቤቷ ተቃጥሏል። ጸሐፊው እነዚህን ሁሉ ዘርዝረው ሲያበቁ እያንዳንዱን ግጥም ከአንዱ አደጋ ጋር እያጣመዱ ያነቡታል፤ ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ሕይወት ለግጥም ቁስ መሆኑና ግጥሙ ሕይወትን መናዘዙ አንድ ነገር አይደለም። ይህን ልዩነት ግሊክ ራሷ በ1994 ባሳተመችው የድርሰቶች ስብስብ ውስጥ፣ ቅንነትን ተቃውማ በጻፈችው ሙግት፣ በጥንቃቄ አስቀምጣዋለች። እንደ እርሷ አከፋፈል በዓለም ላይ የተፈጸመው ድርጊት አንድ ነው፤ የተፈጸመውን ሳይሸሽጉ መናገር ሁለተኛ ነው፤ ጥበብ የሚፈልገው እውነት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው። ገጣሚ የሆነበትን ሁሉ በሐቀኝነት ስለተናገረ ብቻ ሦስተኛው ላይ አይደርስም፤ ለመድረስ ሲል የሆነውን ሊቆርጥ፣ ሊለውጥ፣ ያልሆነውንም ሊጨምር ይችላል። ጸሐፊው ስለ ኑዛዜ ይህን ያህል ገጽ ሲጽፉ ይህን ድርሰት አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣታቸው ያሳዝናል፤ ተከሳሿ ለክሱ መልሷን ከብዙ ዓመታት በፊት በጽሑፍ አኑራለችና።

ለክሳቸው ዋና ማስረጃ ያደረጉት በ1990 የወጣውን «አራራት»ን ነው። መጽሐፉ አባት ከሞተ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ስለቀሩት ሴቶች፣ ማለትም ስለ እናቲቱ፣ በሕይወት ስላሉት ሁለት እኅትማማቾችና ስለዚያች ቀድማ ስለሞተችው ሕፃን ይናገራል፤ ቋንቋውም ከመጽሐፎቿ ሁሉ ይልቅ እርቃኑን የቀረ ነው። ላይ ላዩን ያነበበ ሰው የቤተሰብ ምስጢር የሰማ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ «የማትታመነው ተናጋሪ» ብዬ ልተረጉመው የምችለው ግጥም አለ። ተናጋሪዋ ገና ከመነሻው ልቧ የተሰበረ በመሆኑ ነገርን ሳታዳላ ማየት እንደማትችል ትናገራለች፤ አንባቢውንም እንዳይሰማት ታስጠነቅቃለች፤ በስሜት ስትናገር ደግሞ ያን ጊዜ ይበልጥ እንደማትታመን ትገልጻለች። የሚናዘዝ ሰው እንዲታመን ይሻል፤ ኑዛዜው የሚሠራው ሰሚው ባመነው መጠን ነው። ይህች ተናጋሪ ግን ለራሷ ምስክርነት ራሷ ዐቃቤ ሕግ ሆና ትቆማለች። አንባቢም ግጥሞቹን በሙሉ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ጋር ደግሞ እንዲያነብ ይገደዳል፤ እናቲቱ በእውነት እንደዚያ ናት ወይስ የተጎዳች ልጅ እንደዚያ አየቻት? መጽሐፉ የተሠራው ይህን ጥያቄ እንዲያስነሣ ነው።

ስለ ሕመሟም ያለው እንዲሁ ነው። ጸሐፊው «ቁልቁል የሚወርድ ምስል» በተባለው የ1980 መጽሐፍ ውስጥ ስለ ረኀብ የተጻፈውን ተከታታይ ግጥም የሕመምተኛ ሮሮ ብለውታል። ግጥሙን ገልጠው ቢመለከቱት ሮሮ አያገኙበትም። ተናጋሪዋ ምግብን ስትተው የነበራትን ግፊት አሁን ቃላትን ስትደረድር ከሚሰማት ጋር አንድ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ሁለቱም አንድን ነገር ፍጹም የማድረግ ፍላጎት ናቸው፤ ሞት የዚያ ፍላጎት ተረፈ ውጤት ብቻ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ የምትመረምረው የራሷን ጥበብ ነው። ትርፍ ቃልን እየፋቀች የምትጽፍ ገጣሚ ያ መፋቅ ከየት እንደመጣና ምን ያህል አደገኛ ዘመድ እንዳለው ስትጠይቅ፣ የራሷን ውበት ጠርጥራ ለፍርድ ስታቀርብ ነው የምናየው። ስለ ሥራው እንዲህ ያለ ጭካኔ ያለበት ጥያቄ ያነሣ ገጣሚ ብዙ አላውቅም።

የኑዛዜውን ክስ ከሥሩ የሚነቅለው ግን በ1992 የታተመውና በማግስቱ ዓመት ታላቁን የአሜሪካ የፑሊትዘር ሽልማት ያስገኘላት «የዱር አይሪስ» ነው። ጸሐፊው ይህን መጽሐፍ ስለ አትክልት ቦታ የተጻፉ ውብ ግጥሞች ብለው በሁለት ዐረፍተ ነገር አልፈውታል፤ እኔ ደግሞ መዘግየት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ከጸደይ መባቻ እስከ በጋው መጨረሻ ባለው አንድ የመብቀልና የመርገፍ ወቅት ውስጥ ይጓዛል፤ ቦታውም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኝ፣ በጋው አጭር የሆነ የጓሮ አትክልት ነው። በውስጡ ሦስት ዐይነት ድምፆች ይሰማሉ። አበቦችና አረሞች ለአትክልተኛዋ ይናገራሉ፤ አትክልተኛዋ ወደ አምላክ ትጸልያለች፤ አምላክም በነፋስ፣ በበረዶ፣ በንጋት ብርሃንና በመከር ስም ለሰው ይመልሳል። የአትክልተኛዋ ጸሎቶች በቤተ ክርስቲያን ሰዓታት የተሰየሙ ናቸው፤ ሰባቱ «የነግህ»፣ ዐሥሩ «የሠርክ» ይባላሉ። በነግህና በሠርክ ጸሎት ያደገ የአማርኛ አንባቢ ይህ አሠራር ምን ዐይነት አቤቱታ እንደሚሸከም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

አሁን ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ «እኔ» የሚለው ማን ነው? በመክፈቻው ግጥም «እኔ» የሚለው ከመሬት በታች ተቀብሮ ከረሳው ዓለም ተመልሶ ድምፅ ያገኘ የአይሪስ አበባ ነው። ሌላ ቦታ ሰዎች አረም ብለው የሚነቅሉት ሣር ነው፤ አትክልተኛዋ ከመምጣቷ በፊት እዚያ እንደነበረ፣ እርሷ ካለፈችም በኋላ እንደሚኖር፣ ለመኖርም የማንም ምስጋና እንደማያስፈልገው በንቀት ይነግራታል። ቀዩ የፖፒ አበባ ደግሞ አእምሮ እንደሌለው፣ ስሜት ብቻ እንዳለው ከተናገረ በኋላ ሰዎችም አንድ ጊዜ እንደ እርሱ ለፀሐይ ተከፍተው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። አምላክም «እኔ» ይላል፤ የፈጠራቸውን አንድ ጊዜ እንደወደዳቸው፣ አሁን ግን እንደሚያዝንላቸው የሚናገር፣ በልጆቹ ልመና የደከመ ድምፅ ነው። ይህ ሁሉ የአንዲት ሴት የቀን ማስታወሻ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? አትክልተኛዋ ራሷ እንኳ ከገጣሚዋ ጋር የምትመሳሰል ብትሆንም በሌሎቹ ድምፆች ትወቀሳለች፣ ትታረማለች፣ አንዳንዴም ትናቃለች።

ከሠርክ ግጥሞቹ አንዱን ለይቼ ላንሣ። አትክልተኛዋ ለአምላክ የቲማቲም ተክሎቿን መክሰም ታስታውቃለች፤ ነገሩን የምታቀርበው መሬቱን ለረጅም ጊዜ ርቆ ከሄደ ባለቤት ተረክቦ እንዲያለማ እንደተሰጠው ሰው፣ ሒሳብ በሚያወራርድ ቃል ነው። ዝናብና ብርድ የበዛው በእርሱ ፈቃድ ነው፤ ዘሩን የተከለችው ግን እርሷ ናት፤ የቅጠሉ መጥቆር ልቧን የሰበረውም እርሷን ነው። ከዚያ በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ፣ ሞት የማያስፈራው ባለቤት የሚረግፍ ቅጠል ሲያይ ምን ሊሰማው እንደሚችል ትጠይቃለች። ግጥሙ የጀመረው በቲማቲም ነው፤ ያደረሰን ግን ሟች ፍጡር የማይሞተውን ፈጣሪ የሚሞግትበት ስፍራ ላይ ነው፤ ይህንም ያደረገው አንድ ትልቅ ቃል ሳይጠቀም ነው። ይህን ግጥም ባነበብሁ ቁጥር ከኢዮብ መጽሐፍ ጋር አንድ ዘር እንደሆነ ይሰማኛል።

እዚህ ላይ ሊሪክ ግጥም ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ቃሉን ስለ ራስ የሚጻፍ ግጥም በሚል ትርጉም ብቻ ተጠቅመውበታልና። ሊሪክ ታሪክ ከሚተርከው ግጥምና ከተውኔት የሚለየው አንድ ድምፅ፣ በአንድ ሰዓት ላይ ቆሞ፣ ለአንድ ሰሚ በቀጥታ የሚናገርበት በመሆኑ ነው። ሰሚው ፍቅረኛ፣ ሙት፣ አምላክ ወይም ያልታወቀ አንባቢ ሊሆን ይችላል። ድምፁ የገጣሚው የራሱ መሆን ግዴታው አይደለም፤ ግዴታው ሰሚውን በዚያ ሰዓት ብቻውን ማግኘት ነው። ግሊክም በኖቤል ንግግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ የሳባት በኀዘን ወይም በናፍቆት የሚነሣ ብቸኛ የሰው ድምፅ እንደሆነ ተናግራለች፤ አሜሪካዊቷን ገጣሚ ኤሚሊ ዲኪንሰንን ስታነብ አንባቢዋ ራሷ እንደተመረጠች የምታምንበት ዐይነት ቅርበት እንደነበረም አስታውሳለች። የግሊክ «እኔ» ይህን ቅርበት ለመፍጠር የተሠራ መሣሪያ ነው።

ወደ ቅርጹ ልለፍ። ቤት የማይመታ ስለሆነ ዝርው ነው የሚለው ፍርድ በሁለት ወገን ይፈርሳል። አንደኛው ጸሐፊው ያልጠቀሱት እውነት ነው፤ ግሊክ ቤት መምታት አቅቷት አይደለም። በ1968 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ «በኩር» ቤት በሚመቱና በግማሽ በሚመቱ፣ በጥብቅ በታሰሩ ስንኞች የተሞላ ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ አንድ ግጥም መጻፍ አቅቷት ቆየች። ገጣሚ ማስተማር የለበትም የሚል እምነት ነበራት፤ በመጨረሻ በቬርሞንት በሚገኘው ጎዳርድ ኮሌጅ ማስተማር ስትጀምር ግን ግጥሙ ተመለሰላት፤ በ1975 የታተመው ሁለተኛ መጽሐፏም ሌላ ድምፅ ይዞ ወጣ። ስለዚህ ቤቱንና የታፈነውን ምት የተወችው ዐውቃ፣ ከፍላም ነው። ሁለተኛው የግጥሙን አሠራር የሚመለከት ነው። ግሊክ በድርሰቶቿ እንደገለጸችው ከልጅነቷ የማረካት ብርቅ ቃል ሳይሆን ተራ ቃል በተቀመጠበት ስፍራና በተነገረበት ጊዜ ምክንያት ያልተጠበቀ ትርጉሙን ሁሉ ሲከፍት ማየት ነው፤ በወረቀት ላይ ትንሽ መስሎ በአእምሮ ውስጥ የሚያብጥ ግጥም ትወድ ነበር። በሌላ ድርሰት ደግሞ ያልተነገረው፣ የተቋረጠው፣ ሆን ተብሎ ዝም የተባለው ከተነገረው ይበልጥ እንደሚስባት ጽፋለች። ጥበቧ ያለው በስንኙ መቋረጫ፣ በዐረፍተ ነገሩ መዘግየትና መቆም፣ በድንገት በሚሰጥ አጭር ፍርድ ላይ ነው። ይህን የማይሰማ ጆሮ ዝርው ነው ቢል አይደንቅም፤ ግን መስማት የሚጀመረው ቤት የሚመታውን ፊደል ከመፈለግ ባሻገር ነው።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ክርክር እንግዳ አይደለም። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ በእኛ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትም፣ ከተለመደው ቤትና ምት የወጣ ግጥም ግጥም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሙግት በአማርኛም ተነሥቶ ነበር። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያንኑ መለኪያ ይዞ መነሣት ጸሐፊውን ከሚረዳቸው በላይ ይጎዳቸዋል።

አፈ ታሪኩ ጌጥ ነው የተባለውን በተመለከተ፣ ጌጥ ማለት ቢወገድ ግጥሙ ሳይጎድል የሚቀር ነገር ከሆነ፣ ከግሊክ መጻሕፍት ይህን ማድረግ አይቻልም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣውን «ሜዶውላንድስ»ን እንመልከት። በአንድ በኩል ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም የሚጨቃጨቁ የዘመናችን ባልና ሚስት አሉ፤ በሌላ በኩል የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግናው ኦዲሴዎስ፣ ሚስቱ ፔኔሎፔ፣ አስማተኛዋ ሰርሴና ልጁ ቴሌማኮስ አሉ። የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ ሆሜር ለቴሌማኮስ አባቱን የመፈለግ ጉዞ ሰጥቶታል፤ ግሊክ የሰጠችው ሌላ ነገር ነው፤ የወላጆቹን ትዳር ከውጭ ቆሞ የሚያይ፣ በሕፃንነቱ ያስለቀሰው ነገር ካደገ በኋላ አሳዛኝም አስቂኝም የሆነበት፣ ለሁለቱም ፍርድ የሚሰጥ ልጅ አድርጋዋለች። ሰርሴም ሰውን ወደ ዐሣማ ለውጣ እንደማታውቅ፣ አንዳንዶቹ ቀድሞውንም ዐሣማዎች እንደነበሩ ትናገራለች። በዚህ አሠራር የቤት ውስጥ ጭቅጭቁ ከሐሜት ደረጃ ከፍ ይላል፤ የጥንቱ ታሪክ ደግሞ ከሐውልትነቱ ወርዶ ወደ ሳሎን ይገባል። አንዱ ቢወጣ ሌላው ይወድቃል። ጸሐፊው ይህን መጽሐፍ የፍቺ ታሪክ ብለው ሲጠሩት ግጥሞቹ ከተጻፉበት ስፍራ ግማሹን ብቻ ነው ያዩት።

በ2006 የታተመው «አቬርኖ» ከዚህም ይጠልቃል። አቬርኖ ከኔፕልስ በስተ ምዕራብ የሚገኝ፣ የጥንት ሮማውያን የሙታን ዓለም መግቢያ ነው ብለው ያመኑበት ሐይቅ ነው። መጽሐፉ የፐርሴፎኔን ታሪክ፣ ማለትም በሙታን ንጉሥ ተጠልፋ ከመሬት በታች የተወሰደችውንና የዓመቱን ከፊል ከእናቷ ጋር፣ ከፊሉን ከባሏ ጋር እንድታሳልፍ የተፈረደባትን ልጃገረድ ታሪክ ይዞ ይነሣል። አንድ ርእስ የተሰጣቸው ሁለት ግጥሞች ይህንኑ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይተርኩታል። ግሊክ የምታየው ማንም ያላየውን ነው፤ ሊቃውንት ልጅቷ ወድዳ ሄደች ወይስ ተገድዳ እያሉ ሲከራከሩ እርሷ እንደሌለች ይቆጥሯታል፤ ታሪኩም በእናትና በወዳጅ መካከል የሚካሄድ ሙግት ነው፤ ልጅቷ ሁለቱ የሚጓተቱባት ሥጋ ናት። ይህ የተዋሱትን መልበስ አይደለም። የጥንቱን ታሪክ ጠልቆ አንብቦ በውስጡ የታፈነውን ሰው ማውጣት ነው፤ አፈ ታሪክንም በሕይወት የሚያኖረው እንዲህ ያለ ንባብ ነው።

አንድ መጽሐፍ ደጋግማ ጽፋለች የተባለው ብዙ ክርክር አያሻውም። እስካሁን የጠቀስኋቸው መጻሕፍት በአሠራር አንዱ ከአንዱ የራቁ ናቸው፤ በ2009 የወጣው «የመንደር ሕይወት» ደግሞ ከሁሉም ይለያል። በስም ባልተጠራ የሜድትራኒያን መንደር ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች፣ ወጣቶች፣ ባልቴቶች፣ የምድር ትልና የሌሊት ወፍ እንኳ ሳይቀሩ በረጃጅም፣ ዝግ ባሉ ስንኞች ይናገሩበታል። የ2014ቱን የአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ያገኘው «ታማኝና ምግባረ ሠናይ ሌሊት» ዋና ተናጋሪ በእርጅናው ዘመን ያለ፣ በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በአክስቱ ቤት ያደገ ወንድ ሠዓሊ ነው፤ በመካከሉም የዝርው ግጥሞች አሉ። የሚደጋገመው ጭብጡ ነው፤ ሞት፣ እናትነት፣ መለየት፣ ወደ ሕይወት መመለስ። በዚህ ከተከሰሰች ከእርሷ ጋር የሚቆሙት ብዙ ናቸው።

የኖቤሉንም ጉዳይ በአጭሩ ላንሣ። አካዳሚው በ2018 በደረሰበት ቀውስ ምክንያት የዚያን ዓመት ሽልማት ማዘግየቱ፣ በ2019ም ለኦስትሪያዊው ደራሲ ለፒተር ሃንድከ መስጠቱ ብርቱ ተቃውሞ ማስነሣቱ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ በ2020 ጸጥ ያለ ስም ፈልጎ ነበር ብሎ መገመት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን የመራጮች ምክንያት ምንም ይሁን፣ የሥራው ክብደት በዚያ አይለካም። ፑሊትዘርን በ1993፣ ለአሜሪካ ግጥም የሚሰጠውን የቦሊንገን ሽልማት በ2001 ያገኘችና በ2003 የአሜሪካ ይፋዊ ብሔራዊ ባለቅኔ ሆና የተሰየመች ገጣሚ ስሟ ስቶክሆልም ላይ አልተሠራም።

በመጨረሻ የቀረው ከራሷ ውጭ ያለውን ዓለም አላየችም የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ካነሡት አንዱ ቁም ነገር አለው። በኖቤል ንግግሯ በሕፃንነቷ በአእምሮዋ ውስጥ ስታካሂድ ስለነበረው የታላቅ ግጥም ውድድር ስትናገር፣ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የዊልያም ብሌክን ስለ ጥቁሩ ሕፃን የተጻፈ ግጥም ከአሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ ከስቲቨን ፎስተር ዘፈን ጋር አወዳድራለች፤ ሁለቱም ሥራዎች የጥቁር ሰውን ድምፅ ነጭ ደራሲ የተናገረባቸው ናቸው፤ እርሷ ግን ይህን ጉዳይ ሳትነካ አልፋለች። ይህን የተቹ አንባቢዎች የተናገሩት ተገቢ ነው፤ የግል ድምፅን ያን ያህል የምታከብር ገጣሚ ያ ድምፅ የማን እንደሆነ በዚያ ንግግር መጠየቅ ነበረባት። ከአንድ ንግግር ተነሥቶ ሙሉ የሕይወት ሥራን ዕውር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2004 ለብቻው የታተመውና በኋላ «አቬርኖ» ውስጥ የገባው ስድስት ክፍል ያለው «ጥቅምት» የተባለው ግጥም ብዙዎች በኒው ዮርክ ላይ ከደረሰው የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የነበረውን ሁኔታ ያነቡበታል። ግጥሙ ኒው ዮርክንም ሆነ ሕንፃዎቹን አንድ ጊዜ አይጠራም፤ የሚናገረው ግፍ የለወጠውን ሰውነት፣ እንደ ድሮው የማይሞቅን ብርሃን፣ ክረምት እንደገና መምጣቱን ማመን ያልቻለን አእምሮ ነው። ሊሪክ ግጥም ለታሪክ የሚመልሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ዜናውን ትቶ ዜናው በአንድ ሰው ውስጥ ያደረሰውን ይይዛል።

ሌሎችን አላየችም ለሚለው ደግሞ የሥራ ታሪኳ መልስ ይሰጣል። ከ1984 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት በዊልያምስ ኮሌጅ፣ ከዚያም በ2023 እስካረፈችበት ዘመን ድረስ በዬል ዩኒቨርሲቲ አስተምራለች። በዊልያምስ ካስተማረቻቸው መካከል በጃማይካ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ገጣሚ ክላውዲያ ራንኪን ትገኛለች፤ እርሷም ስለ ዘረኝነት የጻፈችውንና በ2014 የታተመውን መጽሐፏን በንዑስ ርእሱ «አሜሪካዊ ሊሪክ» ብላዋለች። የመምህሯ ድምፅና የእርሷ ድምፅ የሚመሳሰሉ አይደሉም። ከ2003 እስከ 2010 ግሊክ የዬል ወጣት ገጣሚያን ውድድር ዳኛ ሆና የሠራች ሲሆን፣ ከመረጠቻቸው ሰዎች ጋር ረቂቃቸውን ስንኝ በስንኝ ትመረምር እንደነበር የታወቀ ነው። ምርጫዎቿን የተመለከተ እንደ ራሷ የሚጽፉትን ብቻ የምትወድ ዳኛ አያገኝም፤ የሪቻርድ ሳይከን በጋለ ፍቅርና በፍርሃት የሚጣደፍ መጽሐፍ ከእርሷ ቁጥብነት ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ግን እርሷ መረጠችው። የሞለኪዩል ባዮሎጂ ባለሙያ የነበረችውን ካተሪን ላርሰንንም መርጣለች። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በተባለው ድርጅት ውስጥ ያገለገለውን ፍልስጥኤማዊ አሜሪካዊ ሐኪም ፋዲ ጁዳንም የመረጠች እርሷ ናት። ጁዳ የፍልስጥኤማዊውን ባለቅኔ የመሐሙድ ዳርዊሽን ግጥሞች ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት ተርጓሚዎች አንዱ ነው፤ ስለ ስደትና ስለ ጦርነት ቁስለኞች የጻፈበት የመጀመሪያ መጽሐፉ ለአንባቢ የደረሰው ጸሐፊው ከራሷ ሌላ ማንንም አላየችም በሚሏት ሴት ምርጫ ነው።